ስለ ተዘዋዋሪ ተጫዋቾች ሥዕልና ስለ ኤረር በር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



ለዚህ በዓል ከየክፍሉ አንድ አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፥ የሌሎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ስለ ጤና አጠባበቅ፥ ስለ እርሻና ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ለመናገር መረጡ። እኛ ግን ስለ አንድ ትንሽ ሥዕል ለመናገር ተስማማን። «ሥዕል ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን። ሥዕሉ የተሠራው ከባሕር ማዶ ቢሆንም፥ የሚናገረው ነገር በየምሽቱ ከጁገል ግንብ ሥር የሚታይ ነውና።

የሥዕሉ ሠሪ ፓብሎ ፒካሶ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. በስፔን አገር በማላጋ ከተማ ተወለደ፤ አባቱም የሥዕል መምህር ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. ኑሮውን በፓሪስ አደረገና ሞንማርትር በሚባለው ኮረብታ ላይ፥ ድኾች ሠዓሊዎችና ባለቅኔዎች ተጨናንቀው በሚኖሩበት አንድ ያረጀ ቤት ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ስሙ ገና አልታወቀም ነበር፤ ገንዘብም አልነበረውም። በዚያው ዓመት የሠራውን «የድኻ ማዕድ» የተባለውን ታላቅ ሥዕል የቀረጸው ሌላ ሰው ሠርቶበት በጣለው የዚንክ ሰሌዳ ላይ ነው ብንላችሁ፥ ችግሩ እስከ ምን እንደ ነበረ ትገምታላችሁ። አዲስ ሰሌዳ የሚገዛበት አልነበረውም።

ከሚኖርበት ኮረብታ ግርጌ ሜድራኖ የሚባል ሰርከስ ነበር። ፒካሶ ከጓደኞቹ ጋር ወደዚያ መመላለስ ያዘወትር ነበር። ከዚህም በቀር ከሰፈር ወደ ሰፈር፥ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በአደባባይ የሚጫወቱ፥ ቤትና ድንኳን የሌላቸው ድኾች ተጫዋቾች ነበሩ። ፈረንሳዮች እነዚህን «ሳልቴምባንክ» ይሏቸዋል። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «በአግዳሚ ወንበር ላይ የሚዘል» ማለት ነው። ፒካሶ በ1905 ዓ.ም. ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ እነዚህን ሰዎች በቀለም ቅብም፥ በመዳብ ላይ ቅርጽም ደጋግሞ ሠራቸው። በቀለም ከሠራው ውስጥ ታላቁ ሥዕል፥ ስድስት ተጫዋቾች በባዶ ሜዳ ላይ ቆመውና ተቀምጠው የሚታዩበት፥ ዛሬ በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ይገኛል። እኛ ዛሬ የምንነግራችሁ ግን በመዳብ ላይ ስለ ተቀረጸው ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንግለጽ፤ አሠራሩ ከነገሩ ጋር የተያያዘ ነውና።

ሠዓሊው በወረቀት ፋንታ ልሙጥ የመዳብ ሰሌዳ፥ በእርሳስ ፋንታ ሹል የብረት መርፌ ይይዛል። በመርፌውም መዳቡን እየጫረ መስመር ያወጣል። በሌላው ዓይነት የመዳብ ሥዕል መስመሩን የሚቆፍረው አሲድ ነው፤ በዚህ ግን አሲድ አይገባም፤ የሚሠራው የእጅ ኃይል ብቻ ነው። ስለዚህ ፈረንሳዮች «ፑዋንት ሴሽ» ይሉታል፤ እኛ «ደረቅ መርፌ» ብንለው የሚስማማ ይመስለናል። መርፌው በሚያልፍበት ቦታ መዳቡ በመስመሩ ዳርና ዳር ይነሣል። ገበሬ ማሳውን ሲያርስ አፈሩ በትልሙ ጠርዝ እንደሚቆለል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሰሌዳው ቀለም ይቀባል፤ ፊቱም በጨርቅ ይጠረጋል። ቀለሙ ግን በትልሙ ውስጥና በተነሣው ጠርዝ ሥር ተደብቆ ይቀራል። በውሃ የራሰ ወረቀት ይደረብበትና በማተሚያው ከባድ ተንከባላይ ብረት ሥር ሲያልፍ፥ ወረቀቱ ቀለሙን ከትልሙ መጥጦ ያወጣል። ሥዕሉም በመስተዋት እንደሚታይ ግራው ቀኝ፥ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታተማል።

ይህ የተነሣ የመዳብ ጠርዝ መስመሩን እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ያደርገዋል። የዚህ ዓይነት ሥዕል ውበቱ ያ ነው። ነገር ግን ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ጠርዙ እየተጨፈለቀ ይሄዳል፤ ከጥቂት ወረቀቶች በኋላም ልስላሴው ይጠፋል። ፒካሶ መጀመሪያ ያሳተማቸው ቅጂዎች ጥቂት ነበሩ፤ ገዥም እምብዛም አላገኙም። ቆይቶ አምብሩዋዝ ቮላር የተባለ የሥዕል ነጋዴ ሰሌዳዎቹን ገዛና ቶሎ እንዳያልቁ በስስ ብረት አስለብጦ በ1913 ዓ.ም. ከእያንዳንዱ 250 ቅጂ፥ ጥቂት ደግሞ በጃፓን ወረቀት አሳተመ። የብረቱ ልባስ ሰሌዳውን ከማለቅ አዳነው፤ የመጀመሪያውን ልስላሴ ግን ሊመልሰው አልቻለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። የተጫዋችም ሰውነት እንደዚህ ሰሌዳ ነው። ከሰው ትከሻ ላይ ቆሞ የሚገለበጥ ልጅ በየምሽቱ ከጉልበቱና ከወገቡ ጥቂት ጥቂት ይከፍላል። ተመልካቹ የሚያየው የታተመውን ወረቀት ነው፤ የሚያልቀው ግን ሰሌዳው ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንግባ። ስሙ «ሳልቴምባንኮች» ነው። ቁመቱ ወደ 29፥ ወርዱ ወደ 33 ሳንቲሜትር ስለሚሆን ተዘርግቶ ከተቀመጠ ደብተር ብዙ አይበልጥም። በመጽሐፍ የታተመውን ግልባጩን በአዳራሹ መግቢያ ሰሌዳ ላይ ስላደረግነው፥ ስትወጡ እንድትመለከቱት እንጋብዛችኋለን።

ሥዕሉን ከማየቱ በፊት ስሙን ብቻ የሰማ ሰው፥ ደማቅ መብራት፥ የሚጮኽ መለከትና የሚያጨበጭብ ሕዝብ ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም። ተጫዋቾቹ በሜዳ ላይ ሰፍረዋል። አንዲት ልጅ በኳስ ላይ ቆማ ሚዛኗን ትለማመዳለች። ሴቶቹ የሕፃናትና የቤት ጉዳይ ይዟቸዋል። ሰዓቱ ትርዒት የሚታይበት ሰዓት አይደለም፤ ከትርዒት በፊት ወይም ከትርዒት በኋላ ያለው፥ ማንም ትኬት የማይገዛለት ሰዓት ነው።

በዚያው ዓመት በደረቅ መርፌ ከሠራቸው ከሌሎቹም ሁለቱን እናንሣ። አንዱ «ያረፈ ተጫዋች» ይባላል፤ አንድ ወፍራም ቀልደኛ የጨዋታ ልብሱን እንደ ለበሰ ተቀምጦ ይታያል። ሰውን ለማሳቅ የተሰፋው ልብስ የማያስቅ ሰው ለብሶታል። ሁለተኛው ከሕፃናቸውና ከአንዲት ጦጣ ጋር ያለ የተጫዋቾች ቤተሰብ ነው። ጦጣዋ የምታስቀው ሕዝብ በሌለበት በዚያ ሰዓት እንደ ቤተሰቡ አንዷ ሆና ተቀምጣለች።

ስለዚህ ፒካሶ ያደረገው ነገር በአጭር ቃል ሲነገር ይህ ነው፦ ሌሎች ሁሉ ጨዋታውን ሲያዩ እሱ ተጫዋቹን አየ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ወዴት እንደሚሄዱ፥ ምን እንደሚበሉ፥ ልጃቸውን ማን እንደሚይዝላቸው ጠየቀ።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ብዙም ሩቅ አንሄድም፤ ኤረር በር ይበቃናል።

የሐረር ግንብ በአሚር ኑር ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደ ተሠራ በታሪክ ትምህርታችን ተምረናል። ከአምስቱ ጥንታውያን በሮች አንዱ በምሥራቅ በኩል ያለው፥ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ የሚሉት ኤረር በር ነው። በግንቡ ሥር ለሥር ደግሞ ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸው፥ በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» የተባሉ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቦቹ ገብተው የከተማውን ጥራጊና አጥንት ጠርገው ሳይነጋ ይወጣሉ። በአሹራ ቀንም ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ከበሉት ዓመቱ መልካም ይሆናል ይባላል። በጥንት ዘመን ረኃብ በገባ ጊዜ ጅቦች ሰው ማጥቃት ስለ ጀመሩ፥ ቅዱሳን ሰዎች በገንፎ አስታረቋቸው የሚል ትውፊትም አለ። አባቶቻችን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ፤ ሐረር ላይ ግን በሚያውቁት አገር ተከብሮ ይጋበዛል።

ከኤረር በር ውጪ፥ በአው አንሳር አሕመድ መቃብር አጠገብ፥ ፀሐይ ከገባች በኋላ ጅብ የሚያበላውን ሰው ያላየ ከመካከላችን የለም። ይህን ሥራ አቶ ዩሱፍ ሙሜ ሳልህ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ቆይተው ለልጃቸው ለአባስ አስረክበዋል። ጅቦቹ በስማቸው ይጠራሉ። ሥጋው በእንጨት ጫፍ ላይ ተደርጎ፥ እንጨቱም በጥርስ ተነክሶ ይሰጣቸዋል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እየፈራ ይሞክራል፤ የመኪና መብራት ይበራል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሳቅም ይሆናል። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ያልቅና መኪናዎቹ ወደ ሆቴል ይመለሳሉ።

ታዲያ የፒካሶ ሥዕል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ከሄደ በኋላ ባዶውን ቅርጫት ይዞ የሚቀረው ማን ነው? የነገውን ሥጋ የሚገዛው በምን ነው? እንግዳ በማይመጣበት ወራት፥ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜስ ጅቦቹ መምጣታቸውን ይተዋሉን? አይተዉም። ጅብ ቱሪስት መጣ አልመጣ አይቆጥርም። ስለዚህ ይህ ሰው ተመልካች በሌለበት ምሽትም ሥራ አለበት ማለት ነው። እኛ ትርዒት የምንለው ለእሱ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት፥ ከአባቱ የተቀበለው አደራ ነው።

በአገራችን እንዲህ ያሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚሄደው አዝማሪ፥ ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ ቆሞ እያዜመ የሚመርቀው ላሊበላ፥ የኛ ሳልቴምባንኮች ናቸው። ግጥሙን እንወደዋለን፤ ገጣሚውን ግን ከማዕድ አናስጠጋም። «አዝማሪ» የሚለው የሥራ ስም ለስድብ ሲውል የማይሰማ ተማሪ የለም። በመዳብና በብረት የሚሠራውንም ሰው «ቡዳ ነው፤ በሌሊት ጅብ ይሆናል» ማለት ያረጀ ልማድ ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንኳ ገና አልሞተም።

ሰርከስም ቢሆን ዛሬ የባሕር ማዶ ነገር ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተመሠረተ፤ ከዚያም በጅማ፥ በመቀሌ፥ በናዝሬትና በጎረቤታችን በድሬዳዋ የሰርከስ ቡድኖች ተነሡ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች የድኻ ልጆች ነበሩ። እስክስታን ከመገለባበጥ ጋር፥ የአገር ልብስን ከገመድ ላይ ጨዋታ ጋር አዋሕደው በአውሮፓ ከተሞች ሳይቀር ተጨበጨበላቸው። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ፈካት ሰርከስ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን ሲያጫውት ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰርከስ አቢሲኒያ በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ ታላቅ በዓል ላይ የኢትዮጵያን ስም አስጠርቷል። ይህ ሁሉ የሚያኰራ ነው።

ነገር ግን የጭብጨባውን ብቻ ነግረን ዝም ብንል፥ ፒካሶ ያስተማረንን ትምህርት መዘንጋት ይሆንብናል። በ1998 ዓ.ም. ከሰርከስ ኢትዮጵያ ጋር ወደ አውስትራሊያ የሄዱ 15 ወጣቶች በደል ደርሶብናል ሲሉ ተናግረው ከዚያው ጥገኝነት ጠየቁ። ብዙዎቻቸው በእኛ ዕድሜ የነበሩ ናቸው። በየአዳራሹ ቆሞ ያጨበጨበላቸው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። መብራቱ ከጠፋ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ የጠየቀ ግን ምን ያህል ሰው ነበር? የምንወደውን ሰው ደኅንነት አለመጠየቅ፥ እሱን ሳይሆን ጨዋታውን ብቻ መውደድ ነው። ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጃችሁ «ተጫዋች ልሁን» ሲላችሁ የምትሰጉት በከንቱ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሥጋታችሁ ግን ሥራውን ወደ መናቅ ሳይሆን፥ «ማን ያስተምረዋል? ማን ይጠብቀዋል? ቢሰበር ማን ያሳክመዋል?» ብሎ ወደ መጠየቅ ቢመራችሁ ለልጁ ይጠቅመዋል።

ደግሞም የዚችው የሐረር ልጅ የሆኑትን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሳናነሣ አናልፍም። እኒህ ሠዓሊና ባለቅኔ በ1924 ዓ.ም. በዚህ ከተማ ተወልደው፥ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው፥ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነዋል። ዘመናዊውን የሥዕል አሠራር ወደ አገራችን ካስገቡት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ናቸው። ሥዕላቸው በመጀመሪያ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። በመጨረሻም ከአገራቸው ርቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ዐረፉ። ዛሬ በአዲስ አበባ በስማቸው የሥዕል ማሳያ ተሠይሟል። በሕይወት ሳለ የተንከራተተውን ሰው ከሞተ በኋላ ቤት መስጠት መልካም ነው፤ በሕይወቱ ሳለ ወንበር መስጠት ግን ይበልጣል።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ «የተማረ ወጣት ስለ ሐኪምና ስለ መሐንዲስ ቢናገር አይሻልም ነበርን? ቀልደኛና ጅብ አብላ ለአገር ምን ይሠራሉ?» ይለን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ሐኪምም መሐንዲስም ያስፈልገናል፤ ከመካከላችንም ለዚያ የሚዘጋጁ አሉ። ነገር ግን ሥራ የሚመዘነው በድካሙና በእውነተኛነቱ ከሆነ፥ በኳስ ላይ ለመቆም ስንት ወር የወደቀችው ልጅ ለፈተና ሌሊቱን ሲያጠና ከሚያድረው ተማሪ አታንስም። ለአገር የሚሠሩትንም ቢጠይቁን፥ ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ ሐረርን ጠቅሶ ለወገኑ ሲነግር በቅድሚያ የሚያነሣው ምን እንደ ሆነ ሆቴሎቻችንን መጠየቅ ይበቃል።

የመጨረሻው ቃላችን ስለ ስም ነው። የፒካሶ ሥዕሎች ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች በመስተዋት ውስጥ ይጠበቃሉ። ገዥ አጥተው የነበሩት ወረቀቶች አሁን ተራ ሰው ሊገዛቸው በማይችለው ዋጋ ይሸጣሉ። የሠዓሊውን ስም የማያውቅ የለም፤ የአሳታሚው ነጋዴ ስምም ተጽፎ ይገኛል። የእነዚያ በሜዳ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ስም ግን፥ በአንድ ንድፍ ላይ «ቲዮ ፔፔ» ተብሎ ከተጻፈው የወፍራሙ ቀልደኛ መጠሪያ በቀር፥ እስከ ዛሬ የሚጠራው የለም። ልጅቷ በኳሷ ላይ ቆማ ከመቶ ዓመት በላይ ሆናት፤ ማን እንደ ነበረች ግን አይነገርም።

የኛዎቹ ተጫዋቾች ግን በሕይወት አሉ፤ ስማቸውንም መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ክፍላችን ሁለት ነገር ለማቅረብ ተስማምቷል። አንደኛው ለተማሪዎች ሁሉ ነው፤ ኤረር በር ሄደን የምናይ ከሆነ፥ ወይም አዝማሪ በደጃችን ቢቆም፥ የሚገባውን ከፍለን፥ ስሙን ጠይቀን፥ እንደ አባትና እንደ ወንድም እጅ ነሥተን እንሰነባበተው። ሁለተኛው ለዚህ የበዓል መጽሐፍ አዘጋጆች ነው፤ በየዓመቱ በበዓላችን ላይ ማሲንቆ የሚመታልን፥ የሚዘፍንልንና የሚጫወትልን ሰው ሁሉ፥ ንግግር ካደረጉት እንግዶች ስም ቀጥሎ ስሙ ሙሉ ሆኖ እንዲታተም፥ በማዕዱም ከእንግዶች ጋር እንዲቀመጥ እንለምናለን። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ቀለምና አንድ ወንበር ብቻ ነው።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከኋላችን የምትመጡ ታናናሾቻችን ይህን ልመና ተከታትላችሁ ከፍጻሜ እንድታደርሱት አደራ እንላለን።